የቤት ሥራው ከቴሌግራም ይውረድ

የልጆችና የስልክ ነገር በተነሳ ቁጥር ተወቃሹ ወላጅ ነው። «ለምን ትሰጡታላችሁ? ለምን አትቀሙትም?» ይባላል። ወቀሳው መሠረት የለውም አልልም። ምግብ እንዲበላለት ብሎ ገና ዳዴ ለሚል ሕፃን ዩቲዩብ የሚከፍት ቤት ሞልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭራሽ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ መክሯል። ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ለእሱ ስልኩን ያስጨበጠው፣ ቢያንስ አዲስ አበባ ውስጥ በማያቸው ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው።

ነገሩ የመጣው ከኮሮና ጋር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህራን ትምህርቱን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ያኔ ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ በዚያ ጭንቅ ጊዜ ልጆቻችንን ላልተዉት መምህራን ምስጋና ይገባቸዋል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን ቴሌግራሙ አልተዘጋም። ሰሌዳውም ደብተሩም በቦታው እያለ፣ ወርክሺቱ ዛሬም ማታ ማታ በክፍሉ ግሩፕ ይለቀቃል።

እናት ወይም አባት ከሥራ ሲገቡ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ልጁ በር ላይ ጠብቆ ስልኩን ይቀበላል። «ወርክሺት ልገለብጥ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። የተላከው ፎቶ ዘመም ብሎ የተነሳ ስለሆነ ጽሑፉ አይነበብም። በሁለት ጣቱ ሲያሰፋው መስመሩ ይጠፋበታል፤ ሲመልሰው ፊደሉ ይደበዝዝበታል። ሦስተኛውን ጥያቄ ደብተሩ ላይ ሳይጨርስ ከላይ የቲክቶክ ማስታወቂያ ብቅ ይላል። በግማሽ ሰዓት የሚያልቀው የቤት ሥራ እስከ አራት ሰዓት ይጓተታል። ከዚያ «አልጨረስኩም» ብሎ ስልኩን ይዞ አልጋ ውስጥ ይገባል። ወላጅ ምን ብሎ ይንጠቀው? የቤት ሥራ አልሠራህም ተብሎ ነገ የሚቆመው ልጁ ነው።

መጀመሪያ የሚጎዳው እንቅልፉ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ሰርቪስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚመጣበት ልጅ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀሰቀሳል። ማታ አምስት ሰዓት ከተኛ ያገኘው ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የስክሪን ብርሃን ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ስለሚያዘገየው፣ ስልኩን ካስቀመጠ በኋላም እንቅልፍ ቶሎ አይወስደውም። ቀን የተማረውን አእምሮው የሚያጸናው ደግሞ ሲተኛ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት፣ ማታ ምን እያሠራነው እንዳመሸን እንጠይቅ።

ዓይኑም አለ። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ በተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ስድስት ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል ልጆች በየቀኑ 40 ደቂቃ ደጅ የሚያሳልፉበት ክፍለ ጊዜ ጨመሩላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቅ ያለውን አጥርቶ የማየት ችግር የገጠማቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ደቂቃው ካልተጨመረላቸው ልጆች ግን 39.5 በመቶ ሆነው ተገኙ። ለልጅ ዓይን የቀን ብርሃን የዚህን ያህል ይጠቅመዋል። የእኛዎቹ የኮንዶሚኒየም ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኖባቸዋል፤ የተረፈቻቸውን የማታ ሰዓት ደግሞ ስልኳ ወስዳባቸዋለች።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ስልክ ይዞ መግባትን ከልክለዋል። ደግ አደረጉ። በ2022 እ.ኤ.አ. በተሰጠው፣ ፒዛ (PISA) በሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የጓደኞቻቸው ስልክና ታብሌት ትኩረታቸውን እንደሚሰርቅባቸው የተናገሩ ተማሪዎች፣ ይህ ችግር ከሌለባቸው በ15 ነጥብ ዝቅ ብለው ነበር። ነገር ግን ቀን በር ላይ የከለከሉትን ስልክ ማታ በቤት ሥራ ስም መልሶ ማስያዝ፣ ክልከላውን ራሱን ያፈርሰዋል።

«ወረቀት ተወደደ» የሚል መልስ ይሰጣል። መወደዱ እውነት ነው። ሰሌዳ ላይ አምስት ጥያቄ ለመጻፍ ግን ፎቶ ኮፒ አያስፈልግም፤ መማሪያ መጽሐፉም ውስጥ መልመጃ አለ። እንዲያውም ወጪው የዞረው ወደ ወላጅ ነው፤ ፓኬጁን የሚገዛው እሱ ነውና። አንድ ስልክ ለሦስት ልጆች በሚዳረስበት ቤት ደግሞ፣ ተራ እስኪደርሰው ታናሹ እንቅልፍ ይጥለዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ክፍያው ብቻ ተነጋግረን አንበተን። የቤት ሥራው ክፍል ውስጥ ይጻፍ፤ ልጁም ደብተሩ ላይ ገልብጦ ይምጣ። መምህሩ ለወላጅ የሚነግረው ካለ በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ይጻፍልን፤ አንብበን እንፈርማለን። ቴሌግራሙም ለአስቸኳይ ጉዳይ በወላጅና በትምህርት ቤት መካከል ይቆይ። ይህ ከሆነ ወላጅም ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኩን ከልጁ እጅ ለመውሰድ ሙሉ ምክንያት ያገኛል፤ ያን ጊዜ ካልወሰደ ወቀሳውን ይቀበል።