የድሬዳዋ ያረጁ ጎማዎች፦ ለትንኝ ወይስ ለሲሚንቶ ምድጃ?

ድሬዳዋን በ2006 ዓ.ም ደንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ደግሞ ከወትሮው የባሰ ወባ አስጨንቋታል። ሦስቱን የሚያስተላልፉት ትንኞች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሚራቡበት ቦታ ግን ተቀራራቢ ነው፦ በርሜል፣ ገንዳ፣ እና ደጅ ላይ የተከመረ ያረጀ ጎማ።

ጎማ ለትንኝ የተሠራ ነው የሚመስለው። በየትኛውም ጎኑ ብታስቀምጡት ውኃ ይይዛል፣ ጥላ አለው፣ ቶሎ አይደርቅም። ቢደርቅም ደንጊን የምታስተላልፈው የኤደስ ትንኝ እንቁላል ከውስጡ ተጣብቆ ወራት ይቆያል፤ ዝናብ ሲነካው ይፈለፈላል። በ2009 ዓ.ም ቀብሪደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝም ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃታል። ስለዚህ ጉዳዩን ለጽዳት ክፍል ብቻ ትተን ማለፍ የለብንም።

ክምሩ ደግሞ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ ናት። ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ ፊታችንን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙረናል፤ በባትሪው ክብደት የተነሳ ጎማ ቶሎ የሚበላው ደግሞ እሱ ነው።

የኛ ሰው ድሮም ጎማ መጣል አይወድም። በረባሶ ይሠራበታል፣ ከካመነዳሪው የጭነት ማሰሪያ ይቆርጣል። ግን የዛሬው የከባድ መኪና ጎማ ውስጡ የብረት ሽቦ ነው፤ ለቢላ አይመችም።

ታዲያ የት ይሂድ? አንድ ኪሎ ጎማ ሲቃጠል 32 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ይሰጣል፤ ደህና የሚባለው የድንጋይ ከሰል 25 አካባቢ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ ቁሱ 1,450 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያ ሙቀት ላይ ጎማው ጨርሶ ይቃጠላል፤ ሽቦውም አይባክንም፣ ክሊንከር የሚፈልገውን ብረት ይተካል። የሚደፋ አመድ አይተርፍም። ብዙ አገሮች ለአሥርተ ዓመታት የሠሩበት መንገድ ነው፤ ድሬዳዋም የሲሚንቶ ፋብሪካ አላት። ይህ ማለት ግን ጎማ ወስዶ መጨመር ብቻ አይደለም፤ መመገቢያ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው በየጊዜው ተለክቶ ለነዋሪው ይፋ መሆን አለበት። መንገድ ዳር ከሚቃጠል ጎማ የሚለየውም በዚሁ ነው።

«ጎማን ወደ ናፍጣ የሚቀይር ማሽን» የሚሉ ሻጮችንስ? ሥራው ፓይሮሊሲስ ይባላል፤ ጎማን ያለ ኦክስጅን አሙቆ ዘይት፣ ጋዝ፣ የካርቦን ዱቄትና ሽቦ መለየት ነው። ይሠራል። ግን ዘይቱ ድኝ ይበዛበታል፣ ሳይጣራ እንደ ናፍጣ አይሆንም፤ ጋዙ ካመለጠ ይፈነዳል። ሕንድ ውስጥ የአገሪቱ የብክለት ተቆጣጣሪ በ2011 ዓ.ም አካባቢ ከቆጠራቸው 637 ፋብሪካዎች 270ዎቹ ደንቡን አላሟሉም ነበር። እዚህ በግቢ ውስጥ ይተከል ቢባል እኛ አንደግፍም።

ከባዱ ነገር ግን ገንዘቡ ነው። ከየጎሚስታው ሰብስቦ ፋብሪካ ድረስ የሚያጓጉዘውን ማን ይከፍላል? ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2017 ጀምሮ በአንድ ኪሎ ጎማ 2.30 ራንድ ታስከፍላለች፤ ገንዘቡ ቀጥታ ወደ ጥቅል በጀት ስለሚገባ ለሰብሳቢው መድረሱ ሁሌም እያጨቃጨቀ ነው። በኛ በኩል በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ሲወጣ ሁሉም ያወራው ስለ ፌስታል ነበር። ጎማ ላይም ክፍያው ጉምሩክ ላይ ተቀንሶ፣ በተለየ ሂሳብ ተቀምጦ፣ ጎማ ላስረከበ በኪሎ ቢከፈል የሚያዋጣ ይመስለናል። በኪሎ የሚከፈልበት ጎማ ደጅ ላይ አያድርም።

እስከዚያው ጎሚስታዎች ጎማውን ጣሪያ ሥር ያስገቡ። ቦታ የሌለው ታችኛውን ጎን በመሰርሰሪያ ይብሳው፣ ውኃው ይወርዳል።