ሌንስ አይሞረድም!

የአሮጌ ሌንስን ጀርባ ሞርዶ ለሌላ ካሜራ ማስማማት ጥገና አይደለም፤ ማጥፋት ነው። ይህን የምለው አንጀቴ እያረረ ነው።

አባቴ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ዜኒት ካሜራ ይዞ መጣ፤ ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2፣ 58 ሚሊሜትር። አያቴ በሕይወቷ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያላት፤ እሱም የተነሳው በዚያ ሌንስ ነው። እኔ በዲጂታል ኒኮኔ ልጠቀምበት ብዬ ለአንድ ካሜራ ጠጋኝ ሰጠሁት። በነጋታው ስሄድ የጀርባው ጥርስ ተሞርዶ አልቆ፣ የኒኮን ቀለበት በሙጫ ተለጥፎበት ጠበቀኝ። ቀለበቱ ዘሟል፤ የፎቶው ግራ ሲጠራ ቀኙ ይደበዝዛል።

እያንዳንዱ ካሜራ ሌንስ ከሚገጠምበት አፍ እስከ ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ የተወሰነ ርቀት አለው። ኤም42 የሚባለው የዜኒት ባለጥርስ ማውንት (የሌንስ መግጠሚያ) ርቀቱ 45.46 ሚሊሜትር ነው፤ ኒኮን ኤፍ 46.5። ስለዚህ ሄሊዮስ ኒኮን ላይ ሲቀመጥ ከልኩ በ1.04 ሚሊሜትር ይርቃል፤ ፊት ለፊት ያለውን ሰው አጥርቶ ያነሳል፣ ሩቅ ያለው ተራራ ግን ይደበዝዝበታል። ጠጋኙ የሞረደው ለዚህች አንድ ሚሊሜትር ነው። ሐቀኛ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ «ለኒኮንህ አይሆንም» ብሎ ይመልሰኝ ነበር!

የሚሆንለት ካሜራ ጠፍቶ ነው እንዴ? የካኖን ኢኤፍ ርቀት 44 ሚሊሜትር ነው፤ አንዲት ስስ ቀለበት ትበቃዋለች። የሶኒ ኢ 18፣ የኒኮን ዜድ 16 ነው፤ ትርፉን ውስጡ ባዶ የሆነ አዳፕተር ይሞላዋል። ምንም አይቆረጥም፤ ሲያሻ ተፈትቶ ይመለሳል። ይህ እያለ ሞረድ ማንሳት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

«ንብረቱ የራሴ ነው፣ እንደፈለግሁ አደርገዋለሁ» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። የሄሊዮስ መስታወት አደራደር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን ከተሠራው የዛይስ ቢዮታር የተወረሰ ነው። ሶቪየቶች ተቀበሉት፣ አባቴ ከእነሱ፣ እኔ ከአባቴ። እንዲህ እጅ በእጅ የመጣን ነገር ለሚቀጥለው ሳያስተርፉ መቁረጥ የማንም መብት አይደለም።

የደረቀ ግራሶ አጥቦ፣ የተጣበቀ ቀለበት አላቅቆ ሌንስ የሚያድን ባለሙያ አለ፤ እጁን እስማለሁ። ለሌላው ግን ሌንሳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት «ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካመነታ ሌንሳችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ሄሊዮሱ የተሞረደለት ኒኮን ባለፈው ዓመት ተበላሽቶ ቀረ። የአባቴ ዜኒት ዛሬም ሲጫኑት ቀጭ ይላል፤ የሚገጠምለት ሌንስ ግን የለውም።