ባሮ ዳር ከመታጠሩ በፊት ይለካ

ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል ውስጥ ስለ ባሮ ዳርቻ የተጻፈ አንድ ቁጥር አለ። ለንግድ ጣቢያ የሚሰጠው መሬት ከ400 ሄክታር፣ ወንዙን ይዞ የሚሄደው ፊቱም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ጭምር ተጽፏል። ጋምቤላ የወንዝ ወደብ የሆነችው በዚህ ውል መነሻነት ነው። ከካርቱም የሚነሡት መርከቦች በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይዘው ይመጡና ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ ይህን ውል የማነሣው አንድ ነገር በግልጽ ስለሚያሳይ ነው፤ ወንዝ ዳር በሜትር ይለካል፣ ወሰን ይበጅለታል፣ ለምን እንደሚውልም በጽሑፍ ይታሰራል። ለንግድ ሲባል 2,000 ሜትር መለካት ከተቻለ፣ የጋምቤላ ሰው በሰንበት ቤተሰቡን ይዞ ሳይሳቀቅ ለሚውልበት ዳርቻም ያንኑ ማድረግ ይቻላል፤ ይገባልም።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ዘና ብሎ ለመዋል ያሰበ ሰው ከዕቅዱ በእጁ ያለው ትንሹ ክፍል ብቻ ነው። ምሳ መቋጠር፣ ሰሌን መያዝ፣ ልጆቹን መሰብሰብ የራሱ ሥራ ነው። ጥላ ማግኘቱ፣ የውሃው ንጽሕና፣ ልጁ እግሩን ሲነክር ከአዞ መጠበቁ፣ ወደ ውሃው የሚያደርሰው መንገድ አለመዘጋቱ ግን ከተማው አስቀድሞ ወስኖ ሊያዘጋጅለት የሚገባ ነገር ነው። መዝናናት የግል ጉዳይ ነው የሚለውን አስተሳሰብ የማልቀበለው ለዚህ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ሆቴል ግቢ ገብቶ እነዚህን ሁሉ ይገዛቸዋል። የሌለው የሚተማመነው በጋራ በተዘጋጀው ብቻ ነው።

ወቅቱን እንመልከት። መርከቦቹ የሚፈልጉት ክረምቱን ነበር፤ ለመዋያ የሚሆነው ደግሞ በጋው ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ባሮ ደፍርሶና ሞልቶ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ወደ ውሃው መጠጋት አያስፈልግም። ከኅዳር ወዲህ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ በዳሩና በመሐሉ አሸዋው ይወጣል፤ ባሕር የሌላት አገር ሰው የባሕር ዳርቻ የሚለው ዓይነት ሰፊ አሸዋ። ችግሩ ይህ አሸዋ በሚሰፋበት ሰሞን ፀሐይዋ የምትበረታ መሆኗ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል። በሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም የዛፍ ጥላ ከቅርንጫፎቹ ሥር አይወጣም፤ ሰው ሁሉ ወደ ግንዱ ይጠጋል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያው ጥላ ወደ ምሥራቅ ይረዝማል። ስለዚህ ዛፍ የሚተክል አካል መቀመጫው ያለበትን ቦታ አስቦ፣ ከመቀመጫው በስተምዕራብ መትከል አለበት። ለዚህ ደግሞ ከማንጎ የተሻለ ዛፍ መፈለግ አያስፈልግም፤ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። የቆርቆሮ ዳስ ሙቀቱን ከላይ ተቀብሎ ከሥሩ ለተቀመጠው ሰው ስለሚያወርድ በጋምቤላ ጥላ ሊባል አይችልም። ጎጆ ቢሠራ ክዳኑ ሣር ይሁን። ጥሩ የወንዝ ዳር ቀን ማለዳ ይጀምራል፣ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ያርፋል፣ የወባ ትንኝ ሳይነሣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይጠናቀቃል። ይህን የሚያውቅ አስተዳደር ገንዘቡን መብራት በማብረቅረቅ ላይ ሳይሆን ዛፍ በመትከል ላይ ያውላል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ አዞን የሚመለከት ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ባልደረባ እዚያው ጋምቤላ ላይ ባሮ ውስጥ ገብቶ በአዞ ተገድሏል። ስለዚህ ሰውን ከወንዙ ማራቅ ይሻላል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሰው ከወንዙ አልራቀም፣ አይርቅምም። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ ውሃ የሚቀዱ ልጆች፣ ገላቸውን የሚታጠቡ ወጣቶች፣ በታንኳ የሚያጠምዱ ዓሣ አስጋሪዎች በየቀኑ እዚያው ናቸው። አዞ የሚያደባው ደግሞ እንስሳና ሰው እየተመላለሰ በሚወርድበት ዳርቻ ነው። የክልከላ ሰሌዳ ተክሎ መሄድ ለአስተዳደሩ ቀላል ነው፤ አደጋውን ግን ከመዝናኛው ሰው ላይ አንሥቶ ውሃ በምትቀዳው ልጅ ላይ ብቻ ይተወዋል። በስሪ ላንካ፣ በኒልዋላ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ለዚህ ቀላል መላ አላቸው፤ ገላ የሚታጠቡበትን የውሃ ጥግ በእንጨት፣ ኋላም በብረት አጥር ከወንዙ ይለያሉ። ውሃው ይገባል፣ ይወጣል፤ አዞው ግን ከውጭ ይቀራል። ባሮ ክረምት ላይ የሚያመጣውን ጎርፍና ግንድ ለመቋቋም አጥሩ ተነቃይ ሆኖ በየኅዳሩ ቢተከልና በየግንቦቱ ቢነሣ አንድ ለመዋኛ፣ አንድ ለልብስ ማጠቢያና ለውሃ መቅጃ ማዘጋጀት ከአንድ የክልል ከተማ አቅም በላይ አይሆንም። በበጋ ቀን ሙሉ የሚቆም፣ ጀልባ ያለው፣ ዋና የሚችል ጠባቂም ያስፈልጋል። ወንዙን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት፣ ባሮን በራሳቸው ቋንቋ ኦፔኖ የሚሉት አኙዋዎች ለዚህ ሥራ ከማንም ይቀድማሉ።

ከዚሁ ጋር ወንዝ ዳርን ማስዋብ ማለት አጣቢዎቹንና አስጋሪዎቹን ማባረር እንዳይመስለን እፈራለሁ። ብዙ ቦታ የሆነው ያ ነው። የዓሣ አስጋሪው ታንኳ የሚቆምበት ቦታ የዳርቻው አካል ነው፤ አምባዛና ቆሮሶ ከውሃው ወጥቶ እዚያው ተጠብሶ የሚበላበት ዳር እንግዳውንም ነዋሪውንም ያስደስታል፤ የሐዋሳው አሞራ ገደል ዝና ያገኘው በዚሁ ነው። በዳር ያለው የበቆሎ እርሻም፣ ውሃው ሲሸሽ በተወው እርጥበት የሚዘራው፣ ከከተማው በፊት የነበረ ነው። ከወንዙ መውጣት ያለበት የባጃጅ፣ የሞተርና የመኪና እጥበት ነው። ዘይቱና ቤንዚኑ ከዋናተኛው ጋር አብሮ አይሄድም፤ ከከተማው በታች ደግሞ ኢታንግ አለ፣ ወንዙም ይጠጣል። እጥበቱ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ማጣሪያ ጉድጓድ ባለው ቦታ ላይ ቢደራጅ ወጣቶቹ ሥራቸውን አያጡም። ለአዲስ አበባ ወንዞች ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲታወጅ ዋጋው 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነበር፤ ከተማው ወንዞቹን ለዘመናት ቆሻሻ መድፊያ ማድረጉ ያስከተለው ዕዳ ነው። ጋምቤላ ገና ያን ያህል ዕዳ አልገባችም።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ የባለሀብት ጉዳይ ነው። ሆቴልና ሎጅ ካልመጣ መፀዳጃ ቤቱን ማን ይሠራል፣ ጠባቂውን ማን ይቀጥራል ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከቢሾፍቱ እንማር። ባቦጋያና ኩሪፍቱ ሐይቆች ዙሪያቸው በመዝናኛ ግቢዎች ከተያዘ በኋላ የከተማው ተራ ነዋሪ ሐይቁን የሚያየው በአብዛኛው ከሩቅ ወይም ከፍሎ ነው። ሐዋሳ ላይ ግን በፍቅር ሐይቅ በኩል ሕዝቡ በእግሩ እየተንሸራሸረ ያመሻል፤ ሆቴሎቹም አልከሰሩም። ከአገር ውጭ የሚነገርለት የግሪክ ምሳሌ ደግሞ ዓይን ይከፍታል። ሳንቶሪኒ ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ ቅሪት ላይ ያለች ደሴት ናት፤ የፔሪሳና የካማሪ ዳርቻዎቿ አሸዋ ጥቁር በመሆኑ ቀትር ላይ እግር ያቃጥላል። እዚያም ጥላ ያለው ሰው ነው ዘና የሚለው፤ ጥላው ደግሞ የኪራይ ጃንጥላ ነው። በግሪክ ዳርቻዎች ጃንጥላውና አልጋው እየበዛ ሄዶ ፎጣ ዘርግቶ መቀመጫ ሲጠፋ የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ። በዓመቱ የወጣው ሕግ ከዳርቻው ቢያንስ ግማሹ፣ ጥበቃ በሚደረግላቸው ቦታዎች ደግሞ 70 በመቶው ከኪራይ ነፃ እንዲሆን፣ አልጋዎቹም ከውሃው ቢያንስ 4 ሜትር እንዲርቁ አዘዘ። ኑሮዋ በቱሪስት ላይ የቆመ አገር ይህን ያህል መስጠት ካልከበዳት ለጋምቤላ ግማሹን ነፃ ማድረግ እንዴት ይከብዳል? ባለሀብቱ ከዳርቻው በላይ፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ ይሥራ፤ ከሊዙና ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ መፀዳጃ ቤቱንና ጠባቂውን ይቻል። ለራሱም የሚበጀው ይኸው ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ባሮ ሞልቶ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፤ ውሃው አጠገብ የተሠራ ግንብ መቼም ዋስትና የለውም።

ሌላው ተቃውሞ ከልብ የሚመጣ ነው። ክልሉ ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስተናግዳል፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በከተማዋ ውስጥ ውጊያ ተካሂዷል፤ በአኙዋና በኑዌር መካከል የሚነሣው ግጭት ሰዓት እላፊ ያስታወጀበት ጊዜ አለ። በዚህ መሐል ስለ ወንዝ ዳር መዝናናት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ምክንያት አለው። አብሮ ማንጎ ሥር መዋል ግጭትን ይፈታል ብዬ አልከራከርም፤ ያን ያህል ማቃለል የሞተውን ሰው መናቅ ነው። የምለው ሌላ ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ 40 ዲግሪ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ጥላና ውሃ ማግኘቱ ጤና ነው። ወሰኑ ያልታወቀ መሬት ደግሞ በራሱ የጠብ ምንጭ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ፣ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን የሰው ሁሉ መብት ያደርጋል። አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖው፣ ኮሞውና ከደጋ የመጣው ሁሉ እኩል የሚገባበት ዳርቻ ከተለካ ማንም ብቻውን ሊወስደው አይችልም።

የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች እየተስፋፋ ነው፤ ወንዝ ዳርም በየዕቅዱ ውስጥ ይገባል። አጥር ከተሠራና ይዞታ ከተሰጠ በኋላ ዳርቻን ማስመለስ በካሳና በክስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የጋምቤላ ከተማ ምክር ቤትና ማዘጋጃ ቤቱ ውሃው ጎድሎ አሸዋው ከመውጣቱ በፊት፣ እስከሚመጣው ኅዳር፣ ከከተማው ወንዝ ዳር ቢያንስ ግማሹን ለሁሉም ክፍት አድርገው ለክተው በፕላኑ ላይ ያስፍሩ፣ ካርታውንም በአደባባይ ይለጥፉ። ነዋሪዎችም የቀበሌያችሁን ተመራጭ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ነፃው ዳርቻ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል?