ፍርዱ አንደበትን አይጨምርም

በ1970 እ.ኤ.አ. የአሪዞናው ገጣሚ ሪቻርድ ሼልተን ሞት ከተፈረደበት ነፍሰ ገዳይ ደብዳቤ ደረሰው። ሰውዬው ግጥሞቹን እንዲገመግምለት ነበር የጠየቀው። ሼልተን ከ1974 ጀምሮ ወህኒ ቤት እየገባ ለ30 ዓመታት የድርሰት ትምህርት ሰጠ፤ ትዝታውንም በ2007 አሳተመ።

ለገዳይ ግጥም ማስተማር የሟችን ቤተሰብ ቁስል መቀስቀስ አይሆንም? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ሕግ የተማርኩ ነኝና ማስተማርን ከምሕረት አላምታታም። እስራት የሚነጥቀው ነፃነትን እንጂ አንደበትን አይደለም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 ለታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብር ጥበቃ ያደርጋል።

ደግሞስ አብዛኛው እስረኛ ነገ ተፈትቶ የሚመለሰው ወደ እኛው ሰፈር አይደለም? በደሉን በራሱ ቃል መርምሮ ቢመጣ ይሻለናል። ወህኒ ቤቱን “ማረሚያ ቤት” ብለነዋል፤ መምህር ካልገባበት ግን የተለወጠው ታፔላው ብቻ ነው።