ሲያሳክክዎት ዝም አይበሉ



ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ ቡና ጠሩኝ። ሲኒውን ሲያቀብሉኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከወር በፊት የታይሮይድ ዕጢያቸው ከመጠን በላይ ይሠራል ተብሎ ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ በተለምዶ ፒቲዩ የሚባለው ኪኒን እንደታዘዘላቸው ስለማውቅ፣ «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸውን አሳዩኝ። ቀይ ሽፍታ ወርሶታል።

«ምች መስሎኝ ዳማከሴ አሸሁበት። ሲብስብኝ ኪኒኑን ተውኩት። ልጄን ላለማስጨነቅ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፣ ሲስተር» አሉኝ። ካቋረጡ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። የልብ ምታቸውን ብቆጥረው በደቂቃ 118 ነው።

ፒቲዩም ሆነ ካርቢማዞል ከሚወስዱ መቶ ሰዎች አምስት ያህሉን ሽፍታና ማሳከክ ያገኛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ቀላል ከሆነ ሐኪሙ የአለርጂ መድኃኒት ጨምሮ እንዲቀጥሉ ሊያደርግ ወይም ኪኒኑን ሊቀይር ይችላል። በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን በሽታውን ይመልሳል። በአረጋውያን ላይ ደግሞ የልብ ምት እንዲዛባና ልብ እንዲደክም ያደርጋል።

ሐኪም ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ኪኒኑን አቁመው በዚያኑ ቀን ደም ይመርመሩ፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋሳትን ክፉኛ ያሳንሳል። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ ጉበት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ ያድርጉ። ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቆዳ ውኃ ከቋጠረ ወይም አፍ ውስጥ ከቆሰለ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ዕጢያቸው ሥራው ቀንሶ ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱስ? ይህ ሆርሞን ሰውነታችን ራሱ ከሚሠራው ጋር አንድ ስለሆነ አለርጂ የሚያመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሽፍታ ከመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው በኪኒኑ ውስጥ ያለው ቀለም ወይም ማጣበቂያ ነው። ስለዚህ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ፤ የሌላ ፋብሪካ ምርት ሊታዘዝልዎ ይችላል። የቆዳ መድረቅና ማሳከክ ከበሽታው ከራሱ ሊመጣ እንደሚችልም አይርሱ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ለማሳከኩ ብለው ክሎርፌኒራሚን ከፋርማሲ ገዝተው ለአረጋዊ አይስጡ። እንቅልፍ ያበዛል፣ ያደናግራል፣ ለመውደቅ ይዳርጋል፤ ፕሮስቴት ያለባቸውን አባቶች ሽንት ሊከለክል ይችላል።

ጎረቤቴ ሰኞ ጠዋት ከልጃቸው ጋር ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ደማቸው ተመርምሮ ደህና ሆኖ ስለተገኘ ኪኒኑን ከአለርጂ መድኃኒት ጋር እንደገና ጀምረዋል። ሽፍታው ገና አልጠፋም፤ ማሳከኩ ግን ቀንሶላቸው ሌሊት ይተኛሉ። ልጃቸው ከሁሉ ያሳዘናት እናቷ በሙቀት ቀን ነጠላ ተከናንበው ሲውሉ «ለምን?» ብላ አለመጠየቋ ነው።

እስቲ እናንተም ዛሬ የወላጆቻችሁን ክንድ እዩ፤ የኪኒናቸውንም ማሸጊያ ቁጠሩ። ሳምንት እንገናኝ።