ቡችላ በፎቅ ቤት

በግቢ ኑሮ ጊዜ ውሻን ንጽሕና ማስተማር የሚባል ሥራ በቤተ ሰብ ዘንድ አይታወቅም ነበር። ውሻ የሚያድረው በደጅ ነው፤ ሥራው ሌባ ሲመጣ መጮህ ነው፤ የሚጸዳዳውም ከአጥሩ ሥር ባገኘው ጥግ ስለ ሆነ እሱ ማንንም አላስቸገረ፣ እሱንም ማንም አላስተማረ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤቶች መሠራት ከጀመሩ ወዲህ ግን ብዙ ቤተ ሰብ ከግቢ ወደ ፎቅ ወጥቷል፤ አንዳንዱም ውሻውን አስከትሎ ወጥቷል። አጥሩና ሣሩ ከታች ቀርተዋል፤ የውሻው ሆድና ፊኛ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቡችላ የሚያሳድግ ሰው እንግዲህ ከአባቱም ከአያቱም ያልወረሰው ዕውቀት ያስፈልገዋል። ይኸንን ዕውቀት የሚሰጡን የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው፤ የዛሬው ጽሑፌም እነሱ ነገሩን በምን ዐይን እንደሚያዩት ለአንባቢ ለማስረዳት የታሰበ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ርእስ ሲያይ ፈገግ ይል ይሆናል። «ስለ ውሻ ሽንትም ይጻፋል እንዴ?» ሳይልም አይቀርም። ሐኪሞቹ ግን ጉዳዩን እንደ ቀልድ አያዩትም። ልጆች ለምነው ያመጡት ቡችላ በሁለት ወሩ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ይስቅለታል፤ በአራት ወሩ ምንጣፉን ሲያበላሽ ያው ቤት ይቆጣበታል፤ በስድስት ወሩ ከሰፈር ራቅ ተደርጎ ይጣላል። የተጣለ ውሻ የሚያስከትበው የለም፤ የሚያገኘውን ቆሻሻ እየበላ ከባዘኑት ጋር ይቀላቀላል። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሁሉ ይልቅ በውሻ ንክሻ ነው፤ በሽታው ምልክቱን በሰው ላይ ካሳየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በምንጣፍ ላይ የተጀመረው ነገር በመንገድ ላይ በአንድ ሕፃን ሕይወት ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ቡችላን በወግ ማስተማር የቤት ንጽሕና ብቻ ሳይሆን የሰፈርም ጤና ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ የውሻን ተፈጥሮ ማወቅ ይገባል። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራሱ መጸዳዳት አይችልም፤ እናቱ ሆዱንና ታፋውን ስትልሰው ነው የሚወጣለት፤ የሚወጣውንም እሷው ታጸዳዋለች። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው እየተንገዳገደ ከመኝታው ወጣ ብሎ መጸዳዳት ይጀምራል። በአሜሪካ አገር የውሾችን ጠባይ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ስኮትና ፉለር የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ ቡችሎች ስምንት ወይም ዘጠኝ ሳምንት ሲሞላቸው የሚጸዳዱበትን ቦታ መርጠው ወደዚያው መመላለስ ይጀምራሉ። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ውሻ የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ በተፈጥሮው የማይወድ እንስሳ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በዚህ ዕድሜ እግሩ የለመደውን፣ ሣር ይሁን ጋዜጣ ወይም ሲሚንቶ፣ በኋላም የሚፈልገው ያንኑ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፊኛው ነገር ነው። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን የሚቋጥርበት ጡንቻ ገና አልጠነከረም። ሐኪሞች ለግምት ያህል የሚሰጡት ሒሳብ፣ በወር በተቆጠረው ዕድሜው ላይ አንድ ጨምሮ ያንን ያህል ሰዓት ነው፤ ይኸውም የሁለት ወሩ ቢበዛ ሦስት ሰዓት፣ የሦስት ወሩ አራት ሰዓት ሊታገሥ ይችላል ማለት ነው። ይህም ተኝቶ ሳለ እንጂ ሲሮጥና ሲጫወት አይደለም። ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስና ሲጫወት ቆይቶ ሲያርፍ ግን ወዲያው ይመጣበታል። መሬቱን እያሸተተ መዞር ከጀመረ የቀረው ጊዜ የሴኮንዶች ነው። እንግዲህ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ ቤት ዘግቶበት ሄዶ ሲመለስ ወለሉ ቢበላሽ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ሰዓት መጠበቅ ነው። ቡችላው ጧት 12 ሰዓት ሲነቃ አቅፎ ወደ ተመደበለት ቦታ መውሰድ ነው፤ በእግሩ ይምጣ የተባለ እንደ ሆነ መንገድ ላይ ይለቀዋልና። 1 ሰዓት ላይ ቁርሱን ከበላ በኋላ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ይወሰዳል። ምግቡ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ከተሰጠው ሆዱም ሰዓቱን ይለምዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሳሕኑ ሞልቶ ከተተወለት ግን መቼ እንደሚፈልግ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ከመተኛቱ በፊት፣ በመጀመሪያዎቹም ሳምንታት ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ መነሣት ያስፈልጋል። በመካከሉ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ገላውን ዘርግቶ ለመተኛትና ለመዞር ብቻ በሚበቃ ሣጥን ወይም በተከለለ ጥግ ማቆየት ይጠቅማል፤ መኝታውን ማቆሸሽ ስለማይወድ ይታገሣል። ነገር ግን ከላይ ከተነገረው ሰዓት በላይ ማሰር ግፍ ነው። ሽንቱ እንዲቀንስ ብለው ውሃ የሚከለክሉም አሉ፤ ይህ ቡችላውን ከመጉዳት በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ቡችላው የሚወሰድበት ቦታ የት ነው? ሰዓቱን ለመጠበቅ ወደ ምድር ይውረድ ብንል ሌላ አደጋ አለ። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ይወጣና በአፈር ላይ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ቡችላን በትውከትና ደም ባለበት ተቅማጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ አሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየጊዜው ይደገማል። የባዘኑ ውሾች በሚመላለሱበት በሕንፃው ሥር ቡችላን ከዚያ በፊት መልቀቅ እንግዲህ በሕይወቱ ዕጣ እንደ መጣል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እስከ አራት ወሩ ድረስ በቤት ውስጥ ተዘግቶ ቢቆይ ወለሉን መጸዳጃው አድርጎ ይለምደዋል።

ሐኪሞቹ ለዚህ የሚሰጡት መፍትሔ በረንዳ ነው። ዝርግና ሰፊ ሳፋ በበረንዳው ጥግ አስቀምጦ አፈርና ከነሥሩ የተቆረጠ ሣር ማድረግ ይበቃል። አፈሩ የባዘኑ ውሾች ከማይደርሱበት ስፍራ የመጣ መሆን አለበት። ጋዜጣ ይቀላል የሚል አለ፤ ይቀላል እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ጋዜጣ የለመደ ውሻ አድጎም ጋዜጣ ይፈልጋል፣ ባለቤቱ ገና ያላነበበውንም ጭምር። ሣር የለመደው ግን ክትባቱ አልቆ ወደ ምድር ሲወርድ ትምህርቱን እንደ አዲስ አይጀምርም። እስከዚያው ድረስ ቡችላውን አቅፎ ደረጃውን መውረድ፣ መኪናውንና ሰዉን፣ የልጆችን ጫጫታ እንዲያይና እንዲሰማ ማድረግ መልካም ነው፤ እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ያላየውን ነገር በኋላ ይፈራዋልና።

ስለ ቅጣት አንድ ቃል ልጨምር። በብዙ ቤት የሚደረገው ቡችላውን ይዞ አፍንጫውን ባቆሸሸው ላይ ማሸት ወይም በጫማ መምታት ነው። ፓቭሎቭ የተባለው ሩስያዊ ሊቅ እንዳሳየው ውሻ የሚማረው ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሲመጡ አንዱን ከሌላው ጋር በማያያዝ ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት የሠራውንና አሁን የወረደበትን ዱላ ሊያያይዝ አይችልም። የሚያያይዘው ዱላውን ከጌታው ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ሰው እያየው መጸዳዳትን ይፈራል፤ በሳፋው ላይ አላደርግ ብሎ ከሶፋው ጀርባ ይደብቃል። በየዕለቱ ከተማሪዎች ጋር የምውል ሰው ስለ ሆንሁ ይህ ነገር አዲስ አልሆነብኝም፤ የሚመታ ልጅ የሚማረው የመምህሩን እግር ኮቴ መስማት ነው እንጂ ሒሳቡን አይደለም። ይልቁንስ በትክክለኛው ቦታ ሲጨርስ እዚያው በዚያው፣ አንድ ሁለት ሴኮንድ ሳያልፍ፣ በደስታ ድምፅ ማመስገንና ትንሽ ቁራሽ መስጠት ነው። ሲሳሳት በዐይን ከተያዘ አጨብጭቦ አስቁሞ ወደ ሳፋው መውሰድ፤ ካለፈ በኋላ ከተገኘ ግን ዝም ብሎ ማጽዳት ይሻላል።

ማጽዳቱም ጥበብ አለው። ሽታው የቀረበት ቦታ ውሻን «እዚህ ነው» ብሎ ይጠራዋል። ብዙ ሰው በረኪና ይደፋበታል፤ በረኪና ግን ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚያውክ ጋዝ ይፈጥራል። አስቀድሞ ሽንቱን በጨርቅ አምጥጦ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያም ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ መወልወል ይበቃል፤ ኤንዛይም ያለበት ማጽጃ ከተገኘ ከሁሉ ይበልጣል። አቼቶና በረኪና ግን አደገኛ ጋዝ ስለሚያወጡ ፈጽሞ መቀላቀል የለባቸውም።

ሁሉም ጥፋት የትምህርት ጉድለት አይደለም። ሠልጥኖ የነበረ ቡችላ በድንገት ቢያበላሽ፣ ቶሎ ቶሎ እየቆመ ጠብታ ብቻ ቢሸና፣ ሲሸና ቢያለቅስ ወይም ደም ቢታይ የፊኛ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሰው ሲገባ በደስታ ወይም በፍርሃት ጎንበስ ብሎ የሚያንጠባጥብ ቡችላም አለ፤ እሱ ሲቆጡት ይብስበታል፣ ችላ ሲሉት ግን ብዙውን ጊዜ እያደገ ሲሄድ ይተወዋል።

በመጨረሻም ጎረቤትን ማሰብ ነው። የበረንዳው ውሃ በታችኛው ፎቅ ልብስ ላይ ቢወርድ ጠቡ ከውሻው አልፎ በሰዎች መካከል ይሆናል። ብዙ ቡችሎች ወስፋትን ከእናታቸው ማኅፀን ይዘው ይወለዳሉ፤ የወስፋቱ እንቁላል በአፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ለልጆች አደገኛ ይሆናል፣ ዐይናቸውንም እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ ዓይነ ምድሩ በየዕለቱ ይነሣ፣ የሳፋው አፈር በየሳምንቱ ይለወጥ፣ ልጆች እጃቸውን ይታጠቡ፤ የወስፋት መድኃኒቱና በሦስት ወሩ የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አይዘንጋ።

ይህን ሁሉ አንብቦ «እኔ ለዚህ ጊዜ የለኝም» የሚል ሰው ቢኖር አላዝንበትም። ቡችላውን ሳያመጣ ቢያውቀው ለእሱም፣ ለቡችላውም፣ ለሰፈሩም ይሻላል። ወስኖ ያመጣ ግን «ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚለውን ያስብ። በአብዛኛው ቡችላ ላይ ሥራው የጥቂት ወራት ነው፤ ውሻው ግን በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ አብሮ ሊኖር ይችላል።