«እንደውላለን»

የእህቴ ልጅ ሻወር የሚገባው ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ነው። መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ፤ ነገሩ ሲገባኝ ሳቄን ዋጥኩት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ ተፈትኖ፣ ቃለ መጠይቁንም ጨርሶ ሲወጣ፣ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ «በዚህ ሳምንት ውስጥ እንደውላለን» አለችው። ይኸው ኅዳር ተጋመሰ። ስልኩ ምሳ ሲበላ ከሳህኑ አጠገብ ነው፤ ሲተኛ ትራሱ ሥር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ድምፁ ጠፍቶ መዳፉ ውስጥ ነው። ከማያውቀው ቁጥር ሲደወል ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነው።

ከሚቀመጥበት ሶፋ በላይ የምረቃ ፎቶው ተሰቅሏል። ጥቁር ጋወን፣ ቆብ፣ እቅፍ አበባ፣ ከኋላ ደግሞ ፎቶ ቤቱ የጨመረለት ፏፏቴ። እህቴ ለዚያ ቀን ዕቁቧን ተለማምጣ ቀድማ ወስዳ ድንኳን ተከለች፣ በግ አረደች፣ ጎረቤት ጠራች። የዕቁቡ ዕዳ እስካሁን አላለቀም። በበዓል ዘመድ ሲመጣ ልጁ ጓዳ ይገባል፤ «እህ፣ ታዲያ አሁን ምን ላይ ነህ?» የምትለዋን ጥያቄ ሽሽት ነው።

ለዚህ ልጅ ያለን ምክር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ሥራ ፈጣሪ እንጂ ሥራ ጠባቂ አትሁኑ።» በምረቃው ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ከመድረኩ ሦስት ጊዜ ሰማናት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚቀበሉት የዩቲዩብና የቴሌግራም አነቃቂዎች ናቸው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፣ የምታመሰግንባቸውን አምስት ነገሮች ጻፍ፣ አስተሳሰብህን ቀይር፣ ጭንቀት የደካማ አእምሮ ውጤት ነው። ልጁ ይህን ሁሉ አድርጓል። ለሁለት ወር ያህል 11 ሰዓት ተነሥቶ ሲያበቃ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት ቦታ ስላልነበረው ቀኑ ይበልጥ ረዘመበት።

በጊዜ መተኛትም ሆነ ስፖርት መሥራት ይጠቅማል፤ ማንም አይክድም። እኔን የሚያበሳጨኝ ከምክሩ ሥር ያለው ፍርድ ነው። ተመራቂው ከተጨነቀ ጥፋቱ የራሱ፣ ሥራ ካጣ ያልፈጠረው እሱ፣ ተስፋ ከቆረጠም ያልጠነከረው እሱ ነው ማለት ነው። ልጁን ያስጠበቀው ሰው በዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙ አይነሣም።

መካሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ደግሞ እንይ። ብዙዎቹ በኔ ዕድሜ ያሉ ናቸው። እኔ በ1981 ዓ.ም. ስመረቅ ሥራ የሚባል ነገር አልፈለግሁም፤ መንግሥት መደበኝ። የምደባ ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈውን ከተማ ካርታ ላይ አጥቼው አለቀስኩ፣ አቤት አልኩ፣ ሰሚ ሳጣ ሄድኩ። ምደባው በደል ነበረበት፤ ባልና ሚስትን የለያየ፣ ሐኪሙን ጽሕፈት ቤት ያስቀመጠ አሠራር ነበር። ይመለስ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ሥራ የምጀምርበትን ቀን አውቅ ነበር፣ መነሻ ደመወዜ 500 ብር እንደሆነም አውቅ ነበር፣ ጠዋት የት እንደምሄድም እንዲሁ። እኛ አንዲት ቀን ሥራ ሳንፈጥር የተቀጠርን ሰዎች ነን ዛሬ መድረክ ላይ ወጥተን «አትጠብቁ» የምንለው።

መጠበቅ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከቪየና ብዙ በማትርቀው ማሪየንታል በተባለች መንደር የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ተዘግቶ መንደርተኛው ሥራ ፈታ። ተመራማሪዎቹ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ሄደው ኑሮውን አጠኑ፤ መጽሐፋቸው በ1933 ታተመ። ሰዓት ይዘው ሰዉ በመንደሩ መንገድ ሲያልፍ ፍጥነቱን ሳይቀር ለክተዋል። ወንዶቹ ይጎተታሉ፣ ደጋግመው ይቆማሉ፤ የቤቱ ሥራ ያልለቀቃቸው ሴቶች ግን ፈጠን ይላሉ። ብዙ ወንዶች ሰዓት ማሰር ትተዋል። ጊዜ እንደ ልብ ሆኖ ሳለ ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የሚዋስ ሰው ቀነሰ። ያሆዳ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደጻፈችው፣ ሥራ ከደመወዝ ሌላ ለቀኑ ቅርጽ ይሰጠዋል፣ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ያገናኛል፣ የጋራ ዓላማ ውስጥ ያስገባል፣ ለሰው መጠሪያ ይሰጣል፣ እጁንም ሥራ ያስይዘዋል። ትምህርት ቤትም ለ16 ዓመት ይህንኑ ሲሰጥ የኖረ ነው። ደወሉ፣ ዶርሙ፣ ካፌው፣ የፈተናው ሰሞን፤ ሁሉም በምረቃው ማግስት በአንድ ቀን ይቆማል። ይህ የደረሰበት ሰው ቢደክመው ምኑ ይገርማል?

ወደኛው አገር ስንመጣ ደግሞ ዳንኤል ሜይንስ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ጅማ ላይ ትምህርት ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አሳትሟል። ርዕሱ «ተስፋ መቁረጥ» ከምንለው አነጋገር የተወሰደ ነው። እነዚያ ወጣቶች ከገንዘብ እጦት እኩል ያማረራቸው የተትረፈረፈው ጊዜ ነበር፤ በጫትና በፊልም የሚገፉት ጊዜ። ቁጭ ሲሉ ሐሳብ ይመጣል፣ ሐሳቡ ደግሞ ያማል።

የመጠበቁን ሥቃይ ማን እንደሚያመርተው ለማየት አንድ ቀን ከልጁ ጋር አብሬ ወጣሁ። ድሮ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ ማንበብ ነበር፤ አሁን ቴሌግራም ነው። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ይላል። 16 ዓመት የተማረ ሰው መለኪያው 0 ነው፤ እሱም ሲገኝ ጓደኛ ከጓደኛ ይጠራራበታል። «የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን በመያዝ በአካል ቀርባችሁ…» ታክሲ፣ ኮፒ ቤት፣ ሰልፍ። በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው ፋይሉን ተቀብሎ የታሸገ ውሃ ካርቶን ውስጥ ጨመረው። ካርቶኑ ሞልቶ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ ከላይ ካለው ፋይል ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። ያ ፋይል ውስጥ የሰው ልጅ የተማሪነት ዘመን በሙሉ አለ። ጥበቃውን አልወቅስም፤ ካርቶኑን የሰጠው ሌላ ነው።

ሌላ መስኮት ላይ ደግሞ «ቴምፖ አይሆንም፣ ዋናውን አምጣ» ተባለ። ልጁ እጅ ያለው ጊዜያዊው ማስረጃ፣ ቴምፖው ብቻ ነው። ዋናው ዲግሪ ያለው ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ነው፤ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ሲከፈል ይሰጣል። የወጪ መጋራት ደንቡ በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ ሐሳቡ ተመራቂው ሥራ ይዞ ከገቢው ቀስ በቀስ ይክፈል የሚል ነበር። አሁን ልጁ ለመቀጠር ዲግሪው፣ ዲግሪውን ለማውጣት ደመወዙ ያስፈልገዋል። ይህን ያህል የተቆለፈ በር ፊት ቆሞ «አዎንታዊ አስብ» መባል ስድብ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተቀጠረ ሰው የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ሕጉ ሰውን ለዘለዓለም በሙከራ ማቆየት ግፍ መሆኑን ዐውቆ ነው። ተፈትኖ መልስ የሚጠብቀውስ? ለእሱ ስንት ቀን ተቆረጠለት? «አልተመረጡም፣ እናመሰግናለን» የምትል አጭር መልእክት ለመላክ አንድ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የማይላከው ገንዘብ ስለጠፋ አይመስለኝም። ዝም ማለት ለቀጣሪው ይመቸዋል፦ የመረጠው ሰው ቢቀር መጠባበቂያ በነፃ አለው፣ ለምን ወደቅሁ ብሎ የሚሞግተውም አይመጣበትም። ወጪውን የሚከፍለው ስልኩን በፌስታል የጠቀለለው ነው።

«ልጆቹ ሥራ ይንቃሉ» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የሚንቅ አለ። ነገር ግን ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን የጠረቡትን ልጆች ይህ አገር እንዴት እንደተቀበላቸው አስታውሱ፤ እንደ ጀግና ከመታየት ይልቅ የሰው መቀለጃ ሆኑ። ልጁን ለ16 ዓመት «ተማር፣ ከድንጋይና ከአፈር ትወጣለህ» እያልን አሳድገነው ድንጋዩን ሲሸሽ ሰነፍ እንለዋለን። ሜይንስም ጅማ ላይ ያየው ይህንኑ ነው፤ ይሉኝታ የያዛቸው ወጣቶች በሰፈራቸው የማይሠሩትን ሥራ ሌላ ከተማ ሄደው ይሠሩታል። ይሉኝታውን የፈጠረው ጎረቤቱ ነው፣ ድንኳኑ ሥር በጉን የበላነው እኛው።

«ተደራጅ» የሚለውም መልስ አለ። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ታውጆ ነበር፤ ብሩ ትልቅ ነው። ግን ሁሉም ሰው ነጋዴ ይሁን የሚል አገር የሒሳብ ሠራተኛውን፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያውን፣ መምህሩን ከየት ሊያመጣ ነው? የእህቴ ልጅ የተማረው ሥነ ሕይወት ነው። መቅጠር ያለበት ቦታ አለ፣ ሥራውም አለ፤ የሚጎድለው መልስ የሚሰጥ ሰው ነው።

አንድ ምሽት ባለሙያ ቢያናግር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩለት። «ጋሼ፣ አማኑኤል ልትወስደኝ ነው እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉ ስም በከተማችን ቀልድ ሆኖ ስለኖረ ከዚያ በላይ አልገፋሁም።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ለእሱ ሳልነግረው ሐምሌ ላይ ወደተፈተነበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጀርባ ያችው ልጅ አለች፤ ትሑት ናት፣ ወንበር ሰጠችኝ፣ መዝገብ ገለጠች።

«ጋሼ፣ ይሄ ቦታ እኮ ነሐሴ 12 ሰው ተቀጥሮበታል።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁትም፣ ልጄ?»

«ላለፈው ብቻ ነው እኮ የምንደውለው» አለችኝ፣ እንዲያ መሆኑን አለማወቄ እያስገረማት።

ቤት ስደርስ ልጁ ሶፋው ላይ ነበር። ነገርኩት። ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን «ነሐሴ 12?» አለና በጣቶቹ ቆጠረ። ከዚያ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሻወር ገባ።